አልጋ ላይ የዋለችው ነርስ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ግን ሕመሙን ሳይደብቅ፣ እዚህ ጋ ያመኛል፣ ማታ ማታ ያተኩሰኛል ብሎ በግልጽ ተናግሮ የሚያምነው ሰው ያጣስ? ለእሱ የሚሆን ተረት ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም። ተረቱን ባጣ ግን የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ አገኘሁ። ውድ አንባቢያን፣ እሱን ላካፍላችሁ ነው ይህችን ጽሑፍ መጫሬ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።)

ነገሩ የተጀመረው ሮማኒና ነው። ሮምን ለማያውቅ አንባቢ ለመንገር ያህል፣ ሮማኒና ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከትልቁ የቀለበት መንገድ አጠገብ፣ የሜትሮ አ መስመር ከሚያበቃበት ከአናኚና ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። ቀድሞ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ የነበረ፣ በኋላ ግን ባዶውን የቀረ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ እዚያ አለ። በ2006 ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎች ገቡበትና ፓላዞ ሰላም የሚል ስም ወጣለት። እኔም በዚያው አካባቢ ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው። አገር ቤት ነርስ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችን ባዳንቴ ሆኜ የጣሊያን አዛውንቶች ሳስታምም ኖሬያለሁ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያመው ግን ነርስነቴ አይረሳም፤ በሬ ይንኳኳል።

አንድ ወንድማችን ነበር። ወረቀቱ ከተስተካከለለት በኋላ ከስንት ዓመት አንዴ አገር ቤት ገብቶ እናቱን አይቶ ተመለሰ። በተመለሰ በወሩ ገደማ ማታ ማታ ያተኩሰው ጀመር፤ ሌሊት ላቡ አንሶላውን ያረጥባል፤ ጠዋት ደህና ይሆናል። ቀጥሎ ወገቡን ያዘው። ዕቃ ጫኝና አውራጅ ስለሆነ ያየው ሐኪም ድካም ነው ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጠው። ሌላው ደግሞ ጭንቀት ነው አለው። እኔ ዘንድ መጣ። እኔም ናፍቆት ነው አልኩት። ከእናት ተለይቶ የመጣ ሰው ሰውነቱ እንዲህ ይሆናል ብዬ አጽናንቼ፣ ሻይ በጤና አዳም አጠጥቼ ሸኘሁት። አራት ወር አለፈ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም አገር ቤት ሳለ ምን እንደበላና ምን እንደጠጣ ጠየቀችው። እናቱ በየጠዋቱ ከላሟ ጡት አልባ የሚታለበውን ትኩስ ወተት በዋንጫ እየሞላች ታጠጣው እንደነበረ ነገራት። ደሙ ተመረመረ፣ ወገቡ በኤም አር አይ ታየ። ብሩሴሎሲስ ነው፤ ጣሊያኖቹ የማልታ ትኩሳት የሚሉት። ባክቴሪያው የአከርካሪ አጥንቱን ይዞታል።

ያንን ጥያቄ እኔ አልጠየቅሁትም ነበር። ነርሷ እኔ፣ ከብት ካለበት አገር የመጣሁት እኔ።

በዚያ ሰሞን ትዝ ያለኝ የነርሲንግ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ነው። ፋኖስ የያዘች የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ተሰቅሎበት ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል። የነርሶች እናት እየተባልን ስሟን ሸመደድን፣ የልደት ቀኗን ሜይ 12ን የነርሶች ቀን ብለን አከበርን። ከዚያች ፋኖስ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት እንደታመመች፣ ሕመሟም ምናልባት ያው የወንድማችን ሕመም እንደነበረ ግን ማንም አልነገረን።

ናይቲንጌል እንግሊዛዊት ብትሆንም የተወለደችው እዚሁ ጣሊያን ነው፤ በ1820፣ በፊሬንዜ ከተማ። እንግሊዞች ፊሬንዜን ፍሎረንስ ይሏታልና የከተማዋ ስም ስሟ ሆነ። ታላቅ እኅቷ ኔፕልስ ስለተወለደች በዚያች ከተማ ጥንታዊ የግሪክ ስም ፓርተኖፔ ተብላለች። አባታቸው ዊልያም ባለጸጋ ነበር፤ ለአንድ ክረምት አንድ ቤት፣ ለአንድ በጋ ሌላ ቤት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። አባትየው ሴት ልጆቹን ራሱ ግሪክና ላቲን፣ ታሪክና ፍልስፍና አስተማራቸው። ፍሎረንስ በተለይ ቁጥር ትወድ ነበር።

በ1837፣ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት አመነች። ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት ፈጀባት። በ1845 ሆስፒታል ገብቼ ሕሙማን ማስታመም ልማር ስትል ቤተሰቡ ተንጫጫ። አይፈረድባቸውም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ነርስነት የድኻና የሰካራም ሴት ሥራ ተብሎ የተናቀ ነበር፤ የጌታ ልጅ ለሥራ ገረድ በማይሆን ቤት አትገባም ነው ነገሩ። እኛስ ብንሆን? ልጄ ዶክተር እንጂ ነርስ አትሆንም የሚል አባት ዛሬም በመካከላችን ጠፍቷል እንዴ? ቤተሰቧ ከለከሏት፤ እሷም ሐዘን ያዛት።

ሮም ለእሷ መውጫ የሆነችው በዚህ ጊዜ ነው። ብሬስብሪጅ የሚባሉ ባልና ሚስት ወዳጆቿ ይዘዋት መጡና የ1847ን መጨረሻና የ1848ን መግቢያ እዚህ አሳለፈች። ሲስቲና ቤተ ጸሎት ገብታ የሚካኤል አንጄሎን ጣሪያ ስታይ ልቧ ተነካ። (ከዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ የአገራችን መነኮሳት ያረፉበትና አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሲያሳትሙ የኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት እንዳለ አንባቢ ያውቃል።) ሕይወቷን የለወጡት ግን ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ስፔን አደባባይ ካለው ታላቅ ደረጃ ጫፍ ላይ የቆመው የትሪኒታ ዴይ ሞንቲ ገዳም ነው። ከ1828 ጀምሮ የቅዱስ ልብ ደናግል የሚባሉ መነኮሳይት ልጃገረድ የሚያስተምሩበት ቤት ነበር። ፕሮቴስታንቷ ናይቲንጌል እዚያ ሱባኤ ገባች፤ ሳንታ ኮሎምባ ከሚባሉ መነኩሲት እግር ሥር ቁጭ ብላ ተማረች። ሴቶች ተደራጅተው፣ ሥርዓትና ሥልጠና ኖሯቸው፣ ለድኻ ሲሠሩ ያየችው በዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ሲድኒ ኸርበርት ከሚባል የእንግሊዝ ፖለቲከኛና ከባለቤቱ ጋር በሮም መተዋወቋ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የጠየቃትን ባል አልፈልግም አለች። በ1851 ጀርመን አገር ካይዘርስቬርት በሚባል ቦታ ሦስት ወር ያህል ሠለጠነች። በ1853 ለንደን ውስጥ የአንዲት አነስተኛ የሴቶች ሕሙማን ቤት ኃላፊ ሆነች። በዚያው ዓመት ሩሲያና ቱርክ ጦርነት ገጠሙ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጎን ቆሙ። በ1855 ጣሊያኖቹም፣ ማለትም የፒዬሞንቴ መንግሥት፣ ጦር ላኩ። ተርሚኒ አካባቢ ስንመላለስ የምናየው ቪያ ቸርናያ የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው በዚሁ በክሪሚያ ጦርነት ከተካሄደ ውጊያ ነው።

የእንግሊዝ ቁስለኛ በመርከብ ጥቁር ባሕርን አቋርጦ ኢስታንቡል ማዶ ወዳለው ስኩታሪ ይጋዝ ነበር። እዚያ ያለው ሆስፒታል ሰው የሚድንበት አልነበረም። የጋዜጣ ወሬ ለንደንን ሲያናውጥ የጦር ጉዳይ ሹሙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ሮም የተዋወቀችው ሲድኒ ኸርበርት። ናይቲንጌል 38 ነርሶች ይዛ በኖቬምበር 1854 ስኩታሪ ደረሰች። ልብስ አሳጠበች፣ ወጥ ቤት አቋቋመች፣ ሌሊት በፋኖስ በየአልጋው ዞረች። ሆኖም ሟቹ በዛ እንጂ አልቀነሰም፤ በፌብሩዋሪ 1855 ከመቶው ሕመምተኛ ከአርባ በላይ ሞተ። ሕንፃው የተሠራው በተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ ነበር። ከለንደን የተላከ የጤና አጥኚ ቡድን በመጋቢት መጥቶ ቦዩን አስጠረገ፣ ውኃውን አስተካከለ፣ አየር አስገባ። በሰኔ የሟቹ ቁጥር ከመቶ ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። ናይቲንጌል የዚህን ትርጉም በሚገባ የተረዳችው በኋላ፣ ለንደን ተመልሳ ዊልያም ፋር ከሚባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጋር ቁጥሩን ስታገላብጥ ነው። አብዛኛውን ወታደር የገደለው የሩሲያ ጥይት ሳይሆን መከላከል የሚቻል በሽታ እንደነበረ አየች።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ስም ሳልጠራ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ጃማይካዊቷ ሜሪ ሲኮል ለነርስነት አመልክታ ሳትመረጥ ቀረች፤ በራሷ ገንዘብ ክሪሚያ ሄዳ ባላክላቫ አጠገብ ቤት ከፍታ ወታደር አበላች፣ አከመች። የእሷ ሥዕል በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ አልነበረም።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በሜይ 1855 ናይቲንጌል የግንባሩን ሆስፒታሎች ለመጎብኘት ባሕር ተሻግራ ባላክላቫ ሄደች። እንደደረሰች በትኩሳት ወደቀች። ሐኪሞቹ የክሪሚያ ትኩሳት አሉት፤ በዚያ ወታደሩን ሲያጠቃ የነበረ በሽታ ነው። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ በሞትና በሕይወት መካከል ቆየች፤ ጠጉሯ ተቆረጠ። ተርፋ ወደ ስኩታሪ ተመለሰች እንጂ በዚያው ዓመት ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ጀመራት። ጦርነቱ አልቆ በኦገስት 1856 እንግሊዝ ስትገባ ሕዝብ በሰልፍ ሊቀበላት ሲጠብቅ እሷ በሐሰት ስም ተደብቃ ገባች። ሥጋዋ አልቆ ነበር።

በ1857 ክፉኛ ወደቀች፤ የምትሞት መስሏት ኑዛዜ ወደማሰናዳት ሄደች። ልብ ምት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ምግብ ሲያዩ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ የማይነሣ ሐዘን። በ1861 መጨረሻ ደግሞ ሕመሙ አከርካሪዋን ያዘ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል መራመድ ተስኗት አልጋ ላይ ዋለች፤ ከክፍል ወደ ክፍል የምትሄደው በሰው ሸክም ነበር። ያኔ ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው። እስቲ አስቡት፤ ዓለም በነርስነት የሚያውቃት ሴት በነርስነት የሠራችው ሦስት ዓመት ቢሞላ ነው፤ በበሽተኝነት የኖረችው ግን ለአሥርተ ዓመታት።

ግን አልጋዋን ቢሮ አደረገችው። በ1858 የጦሩን ጤና የሚመለከት ትልቅ ሰነድ አዘጋጀች፤ የሟቾቹን መንስኤ በአበባ ቅርጽ የሚያሳይ፣ ዓለም የተደነቀበት ሥዕለ ቁጥር ሠራች፤ በዚያው ዓመት የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። በ1860 ሕዝቡ ባዋጣላት ገንዘብ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሕንድን ጦርና ሕዝብ ጤና አገሪቱን አንድ ቀን ሳትረግጥ ከአልጋዋ ሆና አጠናች። ሚኒስትሮች አንድ በአንድ በቀጠሮ ይገባሉ፤ ሲደክማት ይወጣሉ። በጎ ዘሯ ከሩቅ ደርሷል። የእኛዋ ልዕልት ፀሐይ እንኳ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ ነው አገሯ የገባችው፤ በ1942 በለጋ ዕድሜዋ ብትቀጭም በስሟ ሆስፒታል ተሠርቶላታል።

ታዲያ ስለ ሕመሟ ሰው ምን አለ? ሐኪሞቿ በየጊዜው ልብ ነው፣ ነርቭ ነው፣ ከመጠን በላይ መሥራት ነው አሉ። የሥጋ ዘመዶቿ ሰለቻቸው። ከሞተች በኋላ የታሪክ ጸሐፊዎች ባሰባቸው። አንዱ ሕመሟ ከአእምሮ የመነጨ ነው አለ፤ ሌላው እንግዳ ለመሸሽና ሥራዋን ለመሥራት ሆን ብላ አልጋ ይዛለች፣ በሕመም ስም ሰው ትገዛ ነበር ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ለአሥርተ ዓመታት የነርሶች እናት አስመሳይ በሽተኛ ተብላ ቆየች።

እውነቱን የሚያውቁ ፍየሎች ነበሩ ብል ቀልድ አይደለም። በማልታ ደሴት የሰፈረው የእንግሊዝ ጦር ለወራት እየተመላለሰ በሚያዳክም ትኩሳት ይሠቃይ ነበር። ዴቪድ ብሩስ የተባለ የጦር ሐኪም በዚህ በሽታ የሞቱ ወታደሮችን ጣፊያ መርምሮ ባክቴሪያውን ማግኘቱን በ1887 አሳወቀ። (ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ያደረጉበት ዓመት መሆኑ ነው፤ ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚያ ከወደቁት ጣሊያኖች ነው።) ብሩሴሎሲስ የሚለው ስም ከእሱ ስም የወጣ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አልታወቀም። በማልታ ፍየሎች በየበሩ እየተነዱ እደጅ ላይ ይታለቡ ነበር። በ1905 ቴሚስቶክሌስ ዛሚት የተባለ የአገሩ ተወላጅ ሐኪም ጤነኛ የሚመስሉት ፍየሎች ባክቴሪያውን እንደተሸከሙ አገኘ። በ1906 ጦሩ የፍየል ወተት ሲከለከል በሽታው ከሰፈሩ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ደግሞ አሊስ ኢቫንስ አለች። አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት፤ በ1917 የፍየሉ ባክቴሪያና ላም የሚያስወርደው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ ጥሬ የላም ወተትም ሰውን ያሳምማል አለች። ሴት፣ ያውም የዶክትሬት ዲግሪ የሌላት ሴት ስለሆነች ሊቃውንቱ አልሰሟትም። በ1922 በሥራዋ ላይ ሳለች ራሷ ተለከፈች፤ ትኩሳቱ ሃያ ዓመት ያህል ይመላለስባት ነበር። በሽታውን ከማንም በላይ የምታውቀው ሴት ሳትቀር የነርቭ ድካም ነው ተባለች! በኋላ ግን እውነቷ ወጣ፤ አሜሪካ ወተቷን በእሳት አሳልፋ መጠጣት የጀመረችው ከእሷ ጥናት ወዲህ ጠንክሮ ነው።

በ1995 ዴቪድ ያንግ የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የናይቲንጌልን የሕመም ታሪክ ከሥር ጀምሮ ዘረዘረና ሥር የሰደደ ብሩሴሎሲስ ይመስላል አለ። የክሪሚያው ትኩሳት፣ ቀጥሎ የወገቡና የእግሩ ሕመም፣ እየጠፋ እየመጣ መጣሉ፣ ሐዘኑ፣ በመጨረሻም የአከርካሪው መያዝ፣ ሁሉም በአንድ ሰንሰለት ይያያዛሉ። ደሟ ዛሬ ሊመረመር አይችልምና የመጨረሻ ፍርድ መስጠት አይቻልም፤ ሌላ አሳብ ያላቸውም አሉ። እኔ ግን የዚያን ወንድማችንን አራት ወር ካየሁ በኋላ ታሪኳን ሳነብ እንግዳ አልሆነብኝም።

ለመሆኑ ይህ ባክቴሪያ ምን ያደርጋል? ሰው ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው በጥሬ ወተትና እሳት ባልነካው የወተት ተዋጽኦ ነው፤ ወይም ላም፣ በግ፣ ፍየል ሲያዋልዱ፣ እንግዴ ልጅና ጭንጋፍ በእጅ ሲነኩ። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ከስንት አንዴ ነው። ከገባ በኋላ ሰውነታችንን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል፤ እሱ ግን እዚያው ውስጥ ይኖራል። ሌባ ዘበኛው ጎጆ ውስጥ እንደተደበቀ ቁጠሩት። በዘበኛው ተሸክሞ ወደ ጉበት፣ ወደ ጣፊያ፣ ወደ አጥንት መቅኔ ይዘልቃል። በብዛት የሚያጠቃው አጥንትና መገጣጠሚያን ነው፤ ዳሌን፣ ጉልበትን፣ የታችኛውን አከርካሪ። በወንዶች የዘር ፍሬን ያሳብጣል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ከስንት አንዴ ወደ አንጎልና ነርቭ ይገባል። ከመቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ የልብን ቫልቭ ይይዛል፤ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ጥቂቶች አብዛኞቹን የሚገድለው ይኸው ነው።

ተንኮሉ መልኩ የሌላ በሽታ መምሰሉ ነው። አገር ቤት ታይፎይድ፣ ታይፈስ ወይም ወባ ይባላል፤ አከርካሪውን ሲይዝ የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ ይመስላል። እዚህ ደግሞ ድካም፣ ጭንቀት፣ ናፍቆት ይባላል። ሕክምና የለውም ወይ? አለው። ግን በአንድ መድኃኒት ለጥቂት ቀን አይለቅም። ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት፣ አከርካሪን ከያዘ ለሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይወሰዳል። ተሻለኝ ብሎ በመካከል ያቋረጠ ሰው ተመልሶ ሊነሣበት ይችላል። ለናይቲንጌል ከእነዚህ አንዱም አልተፈጠረላትም ነበር።

እንግዲህ በየክረምቱ ዘመድ ጥየቃ የምንገባ ሁሉ ይህን እናስብ። የሚቀርብልን ወተት ከፍቅር ጋር ነው የሚቀርበው፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። ይፍላልኝ ማለት ግን ነውር የለውም። እርጎ መኮምጠጡ ብቻ ባክቴሪያውን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም፤ አይብም እንደ አወጣጡ ነው፣ ለብ ብሎ ብቻ ከሆነ አይታመንም። የግመል ወተትም ያው ነው። ከተመለስን በኋላ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የወገብ ሕመም ከመጣ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ አገር ቤት ነበርኩ፣ ጥሬ ወተት ጠጥቻለሁ ብለን እኛው እንናገር። ላቦራቶሪውም ይህን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ባክቴሪያው ምርመራውን የሚሠራውን ሰው ሊይዝ ይችላልና።

ናይቲንጌል ዕድሜዋ ሲገፋ ሕመሙ ለቀቃት፤ ያ ቁጡነቷም በረደ ይባላል። በኋላ ዓይኖቿ ጠፉ። በ1907 የእንግሊዝ ንጉሥ ትልቁን የክብር ኒሻን ሲሰጣት ያን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ኦገስት 13 ቀን 1910 በዘጠና ዓመቷ አረፈች። ቤተሰቧ ነገሥታት በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ይሁን ቢባሉ እሺ አላሉም፤ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ከወላጆቿ አጠገብ ተቀበረች። በመቃብሯ ላይ ሙሉ ስሟ እንኳ የለም፤ ሁለት ፊደል፣ የልደቷና የሞቷ ቀን ብቻ። በተወለደችበት በፊሬንዜ በሳንታ ክሮቼ ግቢ ሐውልት አላት።

ወንድማችን የሦስት ወር መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል፤ ከባድ ዕቃ ማንሣት ግን ቀርቶበታል። አንድ እሑድ ከአናኚና ሜትሮ ይዘን ስፔን አደባባይ ወረድንና ያን ደረጃ አብረን ወጣን። መካከል ላይ አረፍ አለ፤ እኔም አረፍኩ። ላይ ከደረስን በኋላ የትሪኒታ ዴይ ሞንቲን በር እያሳየሁ ይህችን ታሪክ አጫወትኩት፤ በዚያውም ናፍቆት ነው ብዬ ስለመለስኩት ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀ። እትዬ፣ ናፍቆቱስ ነበረ እኮ አለኝ፤ ናፍቆቱ እንዳለ ሆኖ ባክቴሪያውም ነበረ።

እናቱን በስልክ ወተቱን አፍሉት ብሏቸዋል። መጀመሪያ የፈላ ወተት ጣዕም የለውም ብለው ተቆጡት፤ ልጃቸውን ያሳመመው እሱ መሆኑን ሲነግራቸው ግን ዝም አሉ። አሁን ያፈላሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ያፈላሉ ይለኛል።